እንቁላል መጣል ባቆመች አንዲት ዶሮና በጎደሬ ስምንት ሰው የሚያጠግብ የክረምት ወጥ አሠራር

ሐምሌ በገባ ቁጥር ጅማ ውስጥ ከሚያውቁኝ ሰዎች፣ በተለይም ለሥራ አዲስ መጥተው ቤት ከተከራዩት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዶሮ ወጥ ያምራቸዋል፤ ነገር ግን ከሁለት ኪሎ በላይ ሽንኩርት፣ ብዙ ቅቤና 12 እንቁላል የሚጠይቀውን የበዓል ዶሮ ወጥ በአዘቦት ቀን ለመሥራት ኪሳቸው አይፈቅድም። "ታዲያ ምኑ ይቀነስ?" ይሉኛል። መልሱን በየጊዜው በቃል ከመድገም ጽፎ ማስቀመጥ ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጣዕሙን ከአጥንቱ፣ ውፍረቱን ከጎደሬው፣ መዓዛውን በመጨረሻ ከሚገባ ጥቂት ቅቤና ኮረሪማ ያግኙ። በበዓሉ ወጥ እነዚህን ሦስቱንም የሚሸከሙት ሽንኩርቱና ቅቤው ናቸው፤ ወጪውም የሚበረታው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ወጥ የበዓሉን ዶሮ ወጥ የሚተካ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ወጥ ስለሆነ፣ ከድስቱ ያንኑ ጣዕም ሳይጠብቁ ይጀምሩት። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሰት ይሆንብኛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለስምንት ሰው የሚበቃ መጠን የሚከተለው ነው።

• እንቁላል መጣል ያቆመች አንዲት ዶሮ፣ ከነሕይወቷ ሁለት ኪሎ ገደማ የምትመዝን
• ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ
• ጎደሬ 1 ኪሎ ተኩል (ካልተገኘ በዚያው መጠን ድንች)
• የተዘጋጀ በርበሬ 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ማንኪያው ከፍ ብሎ ሳይሞላ
• ነጭ ሽንኩርት አንድ ትልቅ ራስ፣ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል
• የበሰለ ቲማቲም 2
• የምግብ ዘይት 1 የቡና ስኒ (ዶሮዋ ብዙ ስብ ካላት ከዚያ ያነሰ)
• የተነጠረ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ
• ኮረሪማ 3 ፍሬ ከነቅርፊቱ፣ ጥቁር አዝሙድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
• ሎሚ 2፣ ጨው
• እንቁላል 4፣ ከተፈለገ ብቻ
• ውኃ 3 ሊትር ለመቀቀያ፣ ለማጠቢያ ሌላ

ከዕቃ በኩል ደግሞ ወፈር ያለ ሰፊ ድስት፣ ለጎደሬው ሁለተኛ ድስት፣ ጥልቅ ሳፋ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ለሥጋ ብቻ የሚውል መክተፊያ እና ሙቀጫ ያስፈልጋሉ። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱም ጎደሬውም ከሥሩ ይያዛል፤ ወፍራም ድስት ከሌለዎት የሸክላ ድስት ከስስ አሉሚኒየም ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ስለ ከሰል ነው። ይህ ወጥ እሳት ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ ስላለ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ያጓጓል። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጭሱ ቆሞ ፍሙ ደምቆ ሲታይም መውጣቱን አይተውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ከቤት ውጡ፣ በርና መስኮቱንም ይክፈቱ። ከሰሉን በረንዳ ወይም የተከፈተ ማድ ቤት ውስጥ ብቻ ያንድዱ፤ ወጡ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ፍም ቤት ለማሞቅ ወደ መኝታ ክፍል በፍጹም አያስገቡ።

ሁለተኛው ስለ ጥሬው ዶሮ ነው። ጥሬ ሥጋው እንደ ሳልሞኔላ ያሉ የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ ሥጋ የቆረጡበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳያጥቡ ሽንኩርት ወይም ሰላጣ አይክተፉበት። እጅዎንም እንዲሁ ይታጠቡ።

ሦስተኛው ስለ ጎደሬ ነው፤ ጎደሬ ሳይቀቀል ወደ ወጥ አይገባም። ምክንያቱን በደረጃ 6 አስረዳለሁ።

ደረጃ 1፦ ዶሮዋን መምረጥ

ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ አማራጭ የሚበዛው በዚያን ቀን ነው። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ወጣቷንና ላባዋ የሚያምረውን ነው፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት ያረጀችውን፣ መጣል በማቆሟ ባለቤቷ ሊለቃት የወሰነውን ነው። ያረጀች ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ቢሆንም አጥንቷና ጅማቷ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል የሚሰጠው መረቅ ከወጣቷ ዶሮ መረቅ እጅግ የወፈረና የጣፈጠ ነው። ለጥብስ የማትሆነው ዶሮ ለዚህ ወጥ የተሻለች ናት ማለት ነው።

ማርጀቷን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። የእግሯ ቅርፊት ሻካራና የተነሣሣ ይሆናል፤ የደረት አጥንቷን ጫፍ ወደ ኋላ በኩል በጣትዎ ሲጫኑት የወጣቷ እንደሚተጣጠፈው ሳይሆን ደርቆ ይቆማል፤ ኩክኒዋም መጣል በማቆሟ አነስ ብሎና ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የደበዘዘ ኩክኒ የበሽታ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል እሱን ብቻ አይመኑ። ጤነኛ ዶሮ ዓይኗ ንቁ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ የኋላዋ ላባ ንጹሕ ነው። ክንፏን የጣለች፣ አንገቷ የተጠማዘዘ ወይም አረንጓዴ ቅዘን የሚታይባት ዶሮ ከሆነች ይተዋት፤ እነዚህ ፈንግል የተባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ምልክቶች ናቸው። በዚሁ ምክንያት፣ ገዝተው ለጥቂት ቀናት የሚያቆዩዋት ከሆነ ቤትዎ ካሉት ዶሮዎች ጋር አይቀላቅሏት።

የጾም ቀናትን የሚጠብቅ ቤተሰብ ሐሙስ የገዛትን ዶሮ ዓርብ ሊበላት ስለማይችል፣ ቅዳሜ ቢያርድ ወጡ ቅዳሜና እሑድ ይበላል። ማክሰኞ ማታ መሥራት ግን ትርፉ ረቡዕ ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ስለሚፈታና ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚቆይ፣ ለእነዚህ ቤቶች የክረምቱ ዋና ጊዜ ሐምሌና ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ነው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ጎረቤት ለመጋበዝ ካሰቡ ደግሞ ዶሮዋ ከመታረዷ በፊት ይነጋገሩ፤ ወጡን ለመብላት የሚወስነው አራጁ ስለሆነ ከታረደች በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ማረድና መንጨት

ከመታረዷ በፊት ባለው ምሽት ጥሬ አይስጧት፤ ውኃ ብቻ ይስጧት። ሆድ ዕቃዋ ባዶ ሲሆን ብልት ሲያወጡ ሥጋው በቆሻሻ አይበከልም።

ለመንጨት የሚጠቅመው ውኃ እጅ የማያስነካ ትኩስ እንጂ የሚፍለቀለቅ መሆን የለበትም፤ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በቂ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለዎት፣ ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ቢያዋሕዱ ወደዚያ ይጠጋል። ዶሮዋን እግሯን ይዘው አንድ ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ይንከሯትና ከክንፏ አንድ ላባ ስበው ይሞክሩ፤ በቀላሉ ከወጣ ይበቃታል። በሚፍለቀለቅ ውኃ ከነከሯት ቆዳው ስለሚበስል ከላባው ጋር እየተቀደደ ይመጣል፣ ከሥሩ ያለውንም ስብ ይዞት ይሄዳል። ስቡ ደግሞ በኋላ ስለሚያስፈልገን ማባከን የለብንም። የቀረውን ቅንጣቢ ላባ በነበልባል ላይ ለብለብ አድርገው ይጨርሱ።

ደረጃ 3፦ ብልት ማውጣት

ሆዷን ሲከፍቱ ቢላዋውን ወደ ውስጥ ጠልቀው አያስገቡ። ከጉበቱ ጋር የተጣበቀችው አረንጓዴ ሐሞት ከፈረጠች የነካችውን ሥጋ ሁሉ ታመርራለች፤ ውኃም ሎሚም አያስለቅቀውም። ሐሞቷን ከነጥቂት ጉበት ቆርጦ መጣል ጉበቱን ለማትረፍ ከመታገል ይሻላል።

ከሆዷ በታች በኩልና ከጨጓራው ዙሪያ የሚገኘውን ቢጫ ስብ ለይተው በሳህን ያስቀምጡ። ያረጀች ዶሮ ከዚህ ስብ እስከ አንድ ስኒ ሊወጣት ይችላል፤ እያንዳንዱ ማንኪያ ስብ ከዘይትዎ ላይ የሚቀነስ ማንኪያ ነው።

ቆዳውን እንደ ልማዳችን ይግፈፉ። ለበዓል እንደምናደርገው 12 ብልት መቁጠር እዚህ ግድ አይደለም፤ እግሮቹን፣ ክንፎቹን፣ ደረቱን፣ ጀርባውንና አንገቱን በየመገጣጠሚያው መለየት ይበቃል። ጀርባውንና አንገቱን ግን "ሥጋ የለውም" ብለው እንዳይጥሉ፤ በዚህ ወጥ ውስጥ ከደረቱ ይልቅ ዋጋ ያላቸው እነሱ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ማጠብ

ሥጋውን በሳፋ ውስጥ በጨውና በሎሚ አሽተው፣ ውኃውን ሦስት ወይም አራት ጊዜ እየለወጡ ይጠቡት። ከቧንቧ ሥር ይዞ በሚፈስ ውኃ ማጠብ ጠብታውን ወደ ልብስዎና ወደ ዕቃው ስለሚረጨው፣ በሳፋ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ማጠብ ይመረጣል። ሎሚው ሽታውን ይቀንሳል እንጂ ተሕዋስያንን አያጠፋም፤ እነሱን የሚያጠፋቸው እሳት ብቻ ነው። ከታጠበ በኋላ ውኃውን በደንብ ያንጠፍጥፉ።

ደረጃ 5፦ መረቁን ማውጣት

ይህ ደረጃ የበዓሉ አሠራር ውስጥ የለም፤ የዚህ ወጥ መሠረት ግን እዚህ ላይ ነው።

ሥጋውን በሙሉ በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጥደው ሳይከድኑ ቀስ ብሎ እንዲፈላ ያድርጉ። በቀዝቃዛ ውኃ መጀመር የሚያስፈልገው ደሙና ቅሪቱ ቀስ በቀስ እየወጣ አረፋ ሆኖ ከላይ እንዲሰበሰብ ነው። አረፋውን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍፈው ይጣሉ፤ ካልተገፈፈ መረቁ ይደፈርሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ግማሽ ሽንኩርትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው፣ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርገው፣ እሳቱን ይቀንሱ። ውኃው እዚህም እዚያም አንዳንድ ጊዜ ብቅ እያለ መንተክተክ እንጂ መንፈቅፈቅ የለበትም። በኃይል ሲፈላ የሥጋው ጡንቻ ተኮማትሮ ውኃውን ስለሚተፋ ይደርቃል፤ በዝግታ ሲንተከተክ ግን በመገጣጠሚያውና በጅማቱ ያለው ጠንካራ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ለስላሳ ሙጫ ይለወጥና መረቁን ያወፍረዋል። መረቁ ቀዝቅዞ እንደ ጄሊ ቢረጋ በትክክል መሥራትዎን ያሳያል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረቱን አውጥተው ያስቀምጡ፤ ስብ ስለሌለው ከሌላው ቀድሞ ይደርቃልና። የቀረው ግን ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይቆይ። ዝቅተኛ ቦታ የኖሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ቅቅል እዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በሹካ ይለኩት፤ የእግሩ ሥጋ ከአጥንቱ ያለ ትግል ሲለቅ ደርሷል። በግፊት የሚሠራ ድስት (ፕሬዠር ኩከር) ያለው ሰው ይህን ሁሉ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጨርሳል፤ ከሰልም ይቆጥባል።

የፈረንጅ ሥጋ ዶሮ ከገዙ ግን ይህን ያህል አያቆዩት። በ45 ደቂቃ ስለሚበስል ከዚያ በላይ ሲቆይ ይፈራርሳል፣ መረቁም ቀጭን ነው።

ደረጃ 6፦ ጎደሬውን ማዘጋጀት

ጎደሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል ቅንጣቶች አሉ፤ ካልሲየም ኦክሳሌት ይባላሉ። ሲላጥ እጅን፣ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ደግሞ ምላስንና ጉሮሮን የሚያሳክከው ይኸው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ከድንች ጋር አመሳስዬ ጥሬውን ከትፌ ወጥ ውስጥ ጨምሬው፣ የጋበዝኳቸው ሰዎች ሌሊቱን ጉሮሯቸውን ሲያክኩ አደሩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልታ አላውቅም።

ስለዚህ ጎደሬውን ከነልጣጩ አፈሩን አጥበው፣ በሚሸፍነው ያህል ውኃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ ትልልቅ ከሆነ ለሁለት ይሰንጥቁት። ከነልጣጩ ሲቀቀል እጅ አያሳክክም፣ ልጣጩም በኋላ በቀላሉ ይለቃል። የተቀቀለበትን ውኃ ይድፉት እንጂ ወደ ወጡ አያስገቡት። ቢላዋ ሲወጉት እስከ መሐሉ ያለ ምንም መቋቋም መግባት አለበት፤ መሐሉ ጠጠር ካለው ይመልሱት። ልጠው ግማሹን አውራ ጣት በሚያህል መጠን ይቁረጡ፣ ሌላውን ግማሽ በሙቀጫ ወይም በማማሰያ ጀርባ አድቅቀው ለማወፈሪያ ያስቀምጡ።

ድንች የሚጠቀሙ ከሆነ ግማሹን ቀቅለው ያድቅቁ፤ ሌላውን ጥሬውን ልጠውና ቆርጠው በደረጃ 8 መጀመሪያ ላይ ከመረቁ ጋር ይጨምሩት።

ደረጃ 7፦ ቁሌቱን መሥራት

ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው በደረቅ ድስት፣ ዘይት ሳያስገቡ፣ መካከለኛ እሳት ላይ ያቁላሉት። ሽንኩርት በመጀመሪያ የራሱን ውኃ ስለሚያወጣ ዘይት አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ሳይሟሽሽ ጠርዙ ይጠበሳል፣ ወጡም ውስጥ ቁርጥራጩ ለየብቻው ይቀራል። ሲደርቅና ሊይዝ ሲል ከመረቁ ግማሽ ጭልፋ ጠብ እያደረጉ ያማስሉ። ሽንኩርቱ ቀለሙ ወደ ቡናማ ተለውጦ ሲሟሽሽ፣ ማለትም ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በኋላ፣ ለይተው ያስቀመጡትን የዶሮ ስብ በትንንሹ ከትፈው ያስገቡና እስኪቀልጥ ይጠብቁ። የጎደለውን በዘይት ይሙሉ።

አሁን በርበሬውን ይጨምሩና እሳቱን ይቀንሱ። የበርበሬ ቀለምና መዓዛ የሚወጣው በውኃ ሳይሆን በስብ ስለሆነ፣ ስቡ ውስጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይንተከተክ መረቅ አይብዛበት፤ ሊይዝ ሲል ብቻ በማንኪያ ጠብ ያድርጉለት። ያልበሰለ በርበሬ ሽታው ይታወቃል፣ ሆድም ያቃጥላል። የደቀቀውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከበርበሬው 5 ደቂቃ በኋላ ያስገቡ፤ ከሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ከገቡ ያርራሉ። በርበሬው ካረረ ደግሞ ለማዳን አይሞክሩ። በቅቤም በስኳርም አይሸፈንም፤ ቁሌቱን መድገም ከዶሮዋ ጋር ከማበላሸት ይረክሳል።

ጊዜ ለማትረፍ ቁሌቱን ከአንድ ቀን በፊት ሠርተው ማሳደር ይችላሉ። ዓርብ ከሠሩት በስብ ፈንታ በዘይት፣ በመረቅም ፈንታ በውኃ ብቻ ይሥሩት፤ ያን ጊዜ ከፊሉን ለጾሙ ሽሮ ማዋል ይቻላል።

ደረጃ 8፦ መረቁንና ቁሌቱን ማገናኘት

መረቁን ከአጥንቱ አጥልለው ትኩሱን ወደ ቁሌቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ቀዝቃዛ መረቅ በአንድ ጊዜ ከገባ ስቡ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ድንች የሚጠቀሙ ከሆነ ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት ለብቻው እስኪበስል ይጠብቁ፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ድንቹ ቶሎ እንዳይለሰልስ ስለሚያደርገው ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰዓታት ቆይቶም ጥንካሬው አይለቅም። ጎደሬው ግን ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም።

ከዚያ ተልጠው የተከተፉትን ቲማቲሞች አስገብተው 15 ደቂቃ ያንተክትኩ። በዚህ መሐል ከጀርባው፣ ከአንገቱ፣ ከክንፉና ከደረቱ ላይ ሥጋውን እየፈለፈሉ በጣት ይበጣጥሱት። አጥንቱን ደጋግመው ይዳስሱ፤ የአንገት አጥንት ስባሪ ለልጆች አደገኛ ነው። ስምንት ሰው በአንዲት ዶሮ ሥጋ ማግኘት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ብልት ለየሰው ከተቆጠረ አንዱ እግር፣ ሌላው አንገት ይደርሰዋል፤ ተበጣጥሶ ሲገባ ግን በየጉርሻው ሥጋ አለ። እንግዳ ካለ የእግሮቹን ብልት ሳይበጣጠስ መተው ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ማወፈር

የተበጣጠሰውን ሥጋና የተቆረጠውን ጎደሬ ያስገቡ። የደቀቀውን ጎደሬ ደግሞ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ አይጣሉት፤ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሁለት ጭልፋ መረቅ አፍስሰው እስኪቀጥን ካማሰሉት በኋላ እያዟዟሩ ይጨምሩት፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ከዚህ በኋላ ያለው 20 ደቂቃ ከድስቱ የማይራቅበት ጊዜ ነው፤ ስታርች የገባበት ወጥ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ከሥሩ ካልተማሰለ ይይዛል፣ የያዘውም ሽታ ድስቱን በሙሉ ያዳርሳል። ከያዘብዎት ከሥሩ አይፋቁ፤ የላይኛውን ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡ።

ውፍረቱ ከሚፈልጉት ትንሽ ቀጠን ብሎ ሲቀር ይበቃዋል። ጎደሬ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ምድጃ ላይ ልክ የሆነው ገበታ ላይ ገንፎ ይሆናል።

የጨውን ነገር ለዚህ ደረጃ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። መረቁ ሲቀቀል ጨው ገብቶበታል፣ ውኃው ሲተን ደግሞ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ አሁን ቀምሰው የጎደለውን ብቻ ይሙሉ።

ደረጃ 10፦ ቅቤና መከለሻ

ኮረሪማውን ፈልፍለው ፍሬውን ከጥቁር አዝሙዱ ጋር በሙቀጫ ይውቀጡ። የተፈጨ ከመግዛት ከነቅርፊቱ ገዝቶ በሰዓቱ መውቀጥ ይመረጣል፤ ቅርፊቱ መዓዛውን ስለሚጠብቀው ሦስት ፍሬ የብዙ ማንኪያ ዱቄት ሥራ ይሠራል። ድስቱ ከመውረዱ 5 ደቂቃ ሲቀረው መከለሻውን፣ ልክ ሲያወርዱት ደግሞ ሁለቱን ማንኪያ ቅቤ ያስገቡና ይክደኑት። የቅቤና የኮረሪማ መዓዛ ከእንፋሎት ጋር ስለሚሄድ፣ ከመጀመሪያው የገባ ግማሽ ኪሎ ቅቤ ከሚሰጠው ሽታ መጨረሻ ላይ የገባ ሁለት ማንኪያ የሚሰጠው ይልቃል።

እንቁላል ከፈለጉ አራቱን 12 ደቂቃ ቀቅለው ልጠው ለሁለት ይክፈሏቸው፤ ስምንት ቁራጭ ይሆናል። በወጡ ውስጥ ሲማሰል አስኳሉ እንዳይፈርስ ሲቀርብ ከላይ ያስቀምጡት።

ደረጃ 11፦ ማሳረፍና ማቅረብ

ተከድኖ 15 ደቂቃ ይረፍ። በእንጀራ ይቀርባል፤ እንጀራ ለመቆጠብ ሲፈለግ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ከዚህ ወጥ ጋር ይስማማል። ጎደሬው ራሱ ስለሚያጠግብ የእንጀራውን ቁጥር ከተለመደው ቀነስ ማድረግ ይችላሉ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ብዙ ሰው ሽንኩርቱን ለመቀነስ ሲል የማቁላላቱንም ጊዜ ይቀንሳል። ሽንኩርቱ በግማሽ ሲቀንስ የማብሰያው ጊዜ በግማሽ አይቀንስም፤ እንዲያውም ያለው ጥቂት ሽንኩርት ጣፋጭነቱን በሙሉ እንዲሰጥ በደንብ መሟሸሽ አለበት።

ወጡ ቀጭን ሆኖ ሲታይ ሽሮ ወይም ዱቄት መነስነስ ሌላው ስህተት ነው። ጥሬ ዱቄት ይጓጉላል፣ የጥሬ ጣዕሙም አይለቅም። ቀጥኖ ከቀረ ከተቆረጠው ጎደሬ ጥቂቱን ድስቱ ጠርዝ ላይ ጨፍልቀው ያማስሉት።

ሥጋው ሳይለሰልስ "ቁሌቱ ውስጥ ይጨርሳል" ብሎ ማስገባትም አያዋጣም። በወፈረ ወጥ ውስጥ ሥጋ በቀላሉ አይበስልም፤ እሳቱን ሲያበረቱለት ከሥሩ ይይዛል።

በዝናብ የራሰ ከሰል መጠቀም፦ እሳቱ ይጨሳል፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል። የከሰሉን ከረጢት ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጠው ይሸፍኑት።

ማቆየትና ማሞቅ

ጎደሬ ወይም ድንች የገባበት ወጥ እንደ በዓሉ ወጥ ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። ለነገ የሚሆን ማስተረፍ ካሰቡ፣ በደረጃ 9 ጎደሬው ከመግባቱ በፊት ለነገ የሚበቃውን በሌላ ድስት ይቀንሱና ጎደሬውን ነገ ሲያሞቁት ይጨምሩበት።

የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ገበታ ላይ አያቆዩት። ክረምቱ ቢበርድም ቤትዎ ማቀዝቀዣ አይደለም። ማቀዝቀዣ ካለዎት ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ገልብጠው ያስገቡት፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይብሉት። ከሌለዎት የሠሩትን በዚያው ዕለት መጨረስ ይሻላል፤ ጠዋትና ማታ ማፍላት የተለመደ ቢሆንም ተሕዋስያኑን ይገድላል እንጂ አንዳንዶቹ ወጡ ውስጥ ያስቀሩትን መርዝ አያጠፋም፤ ስለዚህ የኮመጠጠ ወይም አረፋ የያዘ ወጥ ቢያፈሉትም አይበላም። ሲያሞቁ የሚበላውን ያህል ብቻ በትንሽ ድስት ቀንሰው፣ አንድ ጭልፋ ትኩስ ውኃ ጨምረውበት፣ እስከ መሐሉ እስኪንተከተክ ከሥሩ እያማሰሉ ያሙቁት።